ገደል የሌለው ማሚቶ

ሰንዳይ በረዶ ጥሏል፤ ምድር ቤት ይብሳል፣
ሂሊየም እየፈላ በረዶን ያስንቃል።
ኢዋቡቺ ብቻ ከፓምፑ ጋር ቀረ፣
አርባ ዓመት ሲጮህበት ጆሮው ደነቆረ።

የሌሊት ወፍ እንኳን የማትሰማው ድምፅ ነው፣
በኒዮቢየሙ ዘንግ ከጫፍ የሰደደው።
ሄዶ ይመለሳል፣ ገደል የሌለው ማሚቶ፣
በአረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ታይቶ።

ማግኔቱን ሲያጠብቀው አዙሪቶች ሰፈሩ፣
ከብረቱ ጠባሳ ሙጥኝ ብለው ቀሩ።
ከፀጉር ይቀጥናሉ፣ ቁጥር የላቸውም፣
ድምፁ ሲነቀንቃቸው ቦታ አይለቁም፤
አብረው ይወዛወዛሉ ከነጠባሳቸው፣
ማሚቶው ሳይዘገይ ከተፍ ይላል አልፏቸው።

ሩብ ዲግሪ ቢያሞቀው ጠባሳውን ለቀቁ፣
ከሚያልፈው ድምፅ ላይ ጉልበቱን ነጠቁ።
ማሚቶው ዘገየ፣ ኮሰሰ፣ ሟሸሸ፤
ኢዋቡቺ ሳቀ ዓይኑን እያሸ።

ትናንት ማታ ኪኑዮ «ራት ደርሷል» ብትለው፣
«መጣሁ!» ያላት እሷ ሳህን አጥባ ስትጨርስ ነው።

በማስታወሻው ደብተር ሰዓቱን ጻፈና
በእርሳስ አከለ፦ «ድምፁ አልጠፋም፤ ገና
መንገድ ላይ ነው።»