ስድስተኛው ጥቅል

ከጣርማ በር ቁልቁል ጉም ሲወርድ በመንጋ፣
አንድ ጭነት መኪና ደብረ ሲና ተጠጋ፤
ስለ ንጽሕና ሊያስተምር ነበር የተላከው፣
ሾፌሩ ግን ሌላ ፊልም ከመቀመጫው ሥር ነበረው።

አቡጀዲ ወጠሩ በእህል መጋዘን ግድግዳ፤
ቆሎውን በኪሱ ይዞ ተቀመጠ ባለዕዳ፣
አበዳሪውም ከጎኑ።

ፊልሙ የአሜሪካ ነው፣ የጦርነት ጊዜ ርካሽ ሥራ፣
በስድስት ቀን ያለቀ፣ ሳቅና ሬሳ የሚያጋራ።
እንጨቱ ለጦር ሄዶ ነው መሰል፣ የነበራቸው አንድ ወንበር ነው፤ እኔ ልጁ ለየሁት፤
በዳኛው ቤት፣ በሟቿ ቤት፣ በሆቴሉም አየሁት፤
ክንዱ ላይ የሲጋራ ጠባሳ።

ግድግዳው ጨርቅ ነው፤ በር ሲዘጋ ይርገበገባል፤
ከተማ መሥራት ሲያቅታቸው ጭስ ይለቁና «ጉም» ይባላል።
እኛ ዘንድ ጉም በነጻ ነው፤ ያን ማታም ሳንጠራው መጣ፣
በመብራቱ ጨረር ገብቶ ከነርሱ ጭስ ጋር ወጣ፤
የቱ የማን አገር እንደሆነ መለየት አስቸገረ፤
መርማሪው በጣርማ በር ብርድ ሲንቀጠቀጥ ነበረ።

የጥላዬ እንግሊዝኛ ከጦር ሰፈር ወጥ ቤት ነው፤
ከ«ልጥ»፣ ከ«ክተፍ»፣ ከ«ቶሎ በል» ብዙም አይርቅ፣ ይኸው ነው።
ፈረንጆቹ ሩብ ሰዓት ሲንጫጩ፣ መንጋጋቸው እስኪወልቅ፣
እሱ «ተጣሉ» ይለናል፤
ሲሳሳሙ፣ «እርቅ»።

አንዲት ሀብታም ባልቴት ሞተች፤ መብራት ጠፍቶ በራ፤
የመጽሐፍ መደርደሪያው ዞረ፣ እጅ ወጣ፣ ያውም የግራ።
መርማሪው ጥይት ሲሰማ ቁምሳጥን ውስጥ ተወተፈ፤
እዚያ የቆመው ሬሳ ትከሻው ላይ ተደገፈ።
ሳቅን። ባላምባራስ እንግዳሸት እንኳ፣ ችሎት ላይ ጥርሳቸው የማይታይ፣
እንባቸውን ጠረጉ በበርኖሳቸው ጠርዝ ላይ።

ከዚያ ጋዜጠኛዋ ልጅ ሁሉን በአንድ ሳሎን ሰብስባ፣
ጣቷን ዘርግታ «ገዳዩ…» አለች፤
ነጭ ብርሃን።
ባዶ አቡጀዲ። ጉም ብቻ ሲወጣ ሲገባ።

ስድስተኛው ጥቅል የለም። ሾፌሩ ማለ፣ ተገዘተ፤
«ደሴ ቀርቷል» ይላል፤ ደግሞ «ኮምቦልቻ» ሲል ዋተተ።
ሰው ግን አልተነሣም።
«ነፍስ ጠፍቶ፣ ገዳይ ሳይወጣ፣ ማን እንቅልፍ ይተኛል?
አውጫጭኝ ነው!» አሉ ባላምባራስ፤ «እዚሁ ብርዱ ይዳኛል።»

እመት ወለላ ማሉ፤ «የሎሌው ነገር አይጥመኝ፤
ፍርሃቱን ያበዛዋል፤ ፈሪ መስሎ የዘረፈኝ
ነጋዴ አውቃለሁ።»
አናጢው ገበየሁ ተነሣ፤ «ወንበሩስ?» አለ፣ «ያ የተቃጠለ፤
ከሦስቱም ቤት የተገኘ እሱ ብቻ ነው፤ በሉ መልስ ካለ።»
ለወንበሩ ጠበቃ ቆመለት። ዋስ ግን አጣ።

በመጨረሻ ጥላዬ ወደ ባዶው ጨርቅ ዞሮ፣
ፊልሙ ገና እንዳለ ሁሉ፣ ድምፁን አወፍሮ፣
«ገዳዩ እዚህ ነው» አለ፤ «ከመሃላችን ተቀምጧል፤
እጁን ቆሎው ውስጥ፣ ልቡን ጉሙ ውስጥ ደብቋል።»

ዝም።

ከኋላ አያ ሽብሩ ተነሣ፣ ጋቢው እየተንቀጠቀጠ፤
«የድንበሩን ድንጋይ የገፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ አፈረጠ፤
«አንድ ክንድ ብቻ!»

ድንጋዩ በማግሥቱ ተመለሰ።
የባልቴቷ ደም ግን ስልሳ አምስት ዓመት እንደ ፈሰሰ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከስልኩ ፊልሙን አወጣልኝ፤
ወንበሩ ብቅ ሲል «ከረምህ ወይ?» አልሁት፤ ልጁ ሳቀብኝ።
ጣቷ ተዘረጋ፤ መጋረጃው ተገለጠ፤ ገዳዩ ወጣ፤
በአምስቱ ጥቅል ውስጥ አንዴ እንኳ ያልመጣ
ባለባርኔጣ! ስሙንም ሰምተን አናውቅም፤
ባላምባራስ ቢኖሩ ይህን ፍርድ አይቀበሉትም፤
ሸንጎ ያልተቀመጠ፣ ከእኛ ጋር ያልበረደው፣
በምን ሥርዓት ነው ሰውዬው ገዳይ የሚሆነው?
ጥላዬ ይሻል ነበር።

ስልኩን መለስሁለት። ውጭ ጉሙ ደጃፌ ደርሷል፤
የሽብሩ የልጅ ልጅ በድንበራችን በኩል ያልፋል፤
ፊቱ አይታይም።
ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል።