የገመዱ ዱቤ

ፊልም ሠሪዎች መጡ በሁለት መኪና፣
ባለሦስት እግር ካሜራ ተከሉ ጎዳና።
አንዱ ከኮቱ ኪስ ማስታወሻ መዝዞ
«ዛፉ የታል?» አለኝ፣ እርሳሱን ይዞ፣
«የደፋሮች ዛፍ ነው፣ ሕግ ባልነበረበት
ሌባን በገዛ እጃቸው ፍርድ የሰጡበት።»

ቲርዛ ነው ስሜ፣ የባለሱቁ ልጅ፣
ከዛፉ ነበርን ኗሪ ደጅ ለደጅ።
ዛፉ ተቆርጧል፤ የመጠጥ ቤት ባንኮኒ ሆኖ
ክርን ይደገፈዋል፣ በቫርኒሽ ተሸፍኖ።
ስለዚህ ዛፍ አላሳየሁም፤ መዝገብ አወጣሁኝ፣
ያባቴን፣ የዱቤውን፤ ጠርጌ ገለጥሁኝ።

ዱቄት፣ አንድ ጆንያ፣ መበለቷ ክራውዘር።
ሚስማር፣ ሁለት ፓውንድ፣ ብረት ቀጥቃጩ።
ከዚያ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው በረጋ እጅ፣
ገመድ፣ አሥራ ስድስት ክንድ። ከፋይ፦ ከተማው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጥቅምት ውርጩን ጥሏል፤
«የፔቲቦን ባዝራ ጠፋች!» መንደሩ ተባብሏል።
ዳማ ናት፤ ልጓም ስታይ የሚቆም ጋማዋ፣
አንሰልሞ በስፓንኛ ሲያወራ በጆሮዋ
ትረጋ ነበረ። ሊገራት ነው የመጣው ከሶኖራ፤
ሦስት ወር ያለ ደሞዝ፣ «ነገ፣ ነገ» እየተባለ ሲሠራ።
ባዝራዋ ስትጠፋ ዕዳውም ሊጠፋ—
ይህን ዛሬ ነው የማስበው፤
ያኔ ከረሜላ ባፌ፣ ጉንጬ የተነፋ።

ዳኛው? ፀጉር አስተካካዩ ታልማጅ፣ ምላጩን አስቀምጦ፣
የሳሙናው አረፋ ሳይደርቅ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ።
«ወስደሃታል?»
«ኖ፣ ሴኞር።»
«ትዋሻለህ።»
ክርክሩም ያው፣ ምስክሩም ያው፣ ይግባኙም ያው ነበር።
ነገሩ ሲያጥር ገመዱ ረዘመ።

አባቴ ገመዱን በክንዱ ለካ፤
ሰው ሲለካ እጅ አይንቀጠቀጥም ለካ!
አንድ ክንድ መረቀበት፤
ለደንበኛ ምርቃት ልማዱ ነውና።
«ማን ይክፈል?» አለ። ተያዩ።
«ከተማው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።
«ጻፈው።»
ጻፈው።

ፊቱን አላየሁም። ከሰው ትከሻ መሃል
ያየሁት ጫማውን ነው፤ የግራው ተረከዝ የለውም።
ነፋስ ሲያዞረው ያ ጎዶሎ ጫማ
ወደ ሱቃችን ዞሮ ቆመ።

በአራተኛው ቀን ባዝራዋ መጣች፣
ብቻዋን። ጭራዋ ላይ ኩርንችት ተሰክቶ
ከዛፉ ሥር ቆማ ጆሮ ቀሰረች፣
የሚያወራት ካለ ብላ አዳመጠች።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
ጠራ እንጂ! አቤት የሚል ግን ከየት ይመጣል?

ታልማጅ ጢም ላጨ። ፔቲቦን ባዝራዋን ሸጠ።
አንሰልሞን አንድ አፍ ሳያነሣው በረዶው ቀለጠ።
አባቴ ብቻ፣ በየወሩ መጨረሻ፣
ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል።
አይሰርዛት፣ አይጠይቃት።
የሁሉ ዕዳ ማንን ያንኳኳል?

ሰውዬው አነበበ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።
ቆይቶ፣ በትሕትና፣ «እመቤት» አለኝ፣
«ለፊልሙ ብለን… ባዝራዋ ባትመለስስ?»

ከከተማው ጫፍ መዶሻ ይሰማል፤
ከጣውላና ከጂፕሰም ዛፍ እየሠሩ ነው።
ማታ አንድ ልጅ ላኩ፣ ጺም የተለጠፈበት፦
«ገመድ አለ?»
አለ። ሱቁ የኔ ነው አሁን።
በክንዴ ለካሁ፤ አልመረቅሁም።
መዝገቡን ከፈትሁ፣ ብዕር ነከርሁ፣
«ከፋዩ ማን ነው?» አልሁት።
«ስቱዲዮው።»
«አይ» አልሁት። «የሰው ስም ንገረኝ።»