መልስ

ከድንጋዩ አንበሳ አለፍ ብሎ፣ ከቴአትር ቤቱ በስተጀርባ፣
የሐምሌ ዝናብ ሲያካፋ፣ መኪናዬን ላቆም ስገባ፣
ቢጫ ሰደርያ የደረበ፣ ደረሰኙን በላስቲክ የጠቀለለ፣
አንድ ሽማግሌ ቀረበና፣ «በቃ፣ ፍሬን ይያዙ» አለ።

ድምፁን አወቅሁት፣ ፊቱን ሳላይ፤
እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ሌሊት ጠብቆ የሚነሳ ስቃይ።
ወርዶፋ ነው። አስር አለቃ ወርዶፋ፤
በኔ ምላጭ ክሩ ተፈትቶ፣ ማዕረጉ ከክንዱ የጠፋ።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ነበሩ፣ ስልቻ የታቀፉ፣ አህያ የጫኑ፤
ሬዲዮው «ጠላት ነው» አለ፤ አልጠየቅሁም እነማን እንደሆኑ።
እጄን አነሳሁ። ወርዶፋ ከጎኔ፣ ደረቱን ምድር ላይ ጥሎ፣
«ሻምበል፣ ሰው ነው» አለኝ፤ እንዳላየሁ ቆጥሮኝ፣ ቀስ ብሎ።

እጄን አወረድሁ።

ማታ፣ በፋኖስ፣ የንብረት ክፍሉ ሃምሳ አለቃ ጥይት ሲቆጥር፣
የሁሉም ካዝና ባዶ ነው፣ የአንድ ሰው ብቻ ሲቀር።
«ሠላሳ ወሰድሁ፤ ሠላሳ ናት፤ ቆጥረው ይረከቡኝ።»
ይህን ሲል ነው ጓዶቹ ሁሉ ዞረው፣ እሱን ትተው እኔን ያዩኝ።

መውጫ በር ከፈትሁለት፤ አንድ ኮዳ ውሃ የተጋራሁት ሰው ነው፤
«ጠመንጃህ ነክሶብህ ነው፣ አይደል? ነክሶ ነው እምቢ ያለው?»
አንዲት ቃል ብቻ። አዎ ቢል፣ ወረቀቱም ይቀደድ ነበር።
«ጠመንጃውስ ደህና ነው፣ ጌታዬ» አለ፤ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይሰብር።

«ትእዛዝ ጥሷል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊርማዬ አማረ፤
በዓመቱ ሻለቃ ሆንሁ። እሱ ትጥቁን አስረክቦ ቀረ።

ሁለት ሰዓት ቆይቼ መጣሁ፤ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ፖስታ ቤት ድረስ
ዝም ብዬ ሄጄ ተመለስሁ፣ ጫማዬ እስኪበሰብስ።
«ሃያ ብር» አለ። መቶ ሰጠሁት። «መልሱን ይያዙት፣ አባት።»
ልል ያሰብሁት ሌላ ነበር፤ አፌ የደፈራት ይቺ ናት።

አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ርጥብ ብሮቹን ገለጠ፤
አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠ፤
«ሰማንያ ነው። ቆጥረው ይረከቡኝ።»

ያውቀኝ ይሆን? ፊቱ ላይ ዝናብ ብቻ ነው የሚፈሰው።
ሞተሩ ተነሣ፤ እጄ ነው እምቢ ያለው።
ወደ ኋላ ልወጣ ስል፣ የመኪናዬን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ፤
እንደዚያ ቀን፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ ሳያመነታ፣

«ቀስ!» አለኝ፣
«ቀስ ይበሉ። ከኋላዎ ሰው አለ።»