በሁለት መቶ ቃል

ቅጹ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ቀኑ ነገ ያልቃል።
መብራት ሄዶ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ያውቃል፣
ከእኔ ይልቅ እሱ መታገሥ ለምዷል።
ሽምብጥ፣ የመምህራን ቢሮ፣ ከምሽቱ አምስት፣
መስኮቱን ብከፍተው ትንኝ፣ ብዘጋው እሳት።

ከዚህ ቀደምም ጽፌአለሁ።
ለክፍለ ከተማው ጻፍኩ፤ «በጀቱ ተዘግቷል።»
ለባለሆቴሉ ጻፍኩ፤ እሱስ ደግ ነው፣ ሰጥቷል፤
ዐሥራ ሁለት ወንበር፣ ፕላስቲክ፣ የሆቴሉ ስም ጀርባው ላይ፤
አጥር ለምኜ መቀመጫ አገኘሁ፣ ሐይቁን ተቀምጬ እንዳይ።
ለአንድ ድርጅት ጻፍኩ፤ ሁለት ወር ቆይቶ
መልካም ምኞት ላከ፣ ከዝርዝር አውጥቶ።

ተራ ቁጥር አራት፦ «ችግሩ ይገለጽ፣
በሁለት መቶ ቃል፣ በማያሻማ ቅርጽ።»

እሺ።
በጣና በኩል ያለው አጥር ሁለት ክረምት ሆነው ከወደቀ፤
ድንጋዩ የማን ቤት እንደገባ ሰፈር ሁሉ አወቀ።
ሌሊት ጉማሬ ይገባል፤ ሣሩን ግጦ ይወጣል፣
ሰንደቁ ሥር፣ ለሰልፍ ሜዳው፣ ፋንድያውን ይተዋል፤
ጧት ልጆች ይስቃሉ። ጉማሬስ ችግር አይደለም፤
ሰዓቱን ያከብራል፤ ስም እየጠራ አይከተልም።
ችግር በቀን ነው የሚገባው፣ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፤
ለሦስት ሴት ተማሪዎች የኋላው መንገድ ቀረ፤
ለአንዷማ ትምህርቱም ቀረ።

መጸዳጃው በር የለውም። ይህን በምን ቋንቋ ልጻፈው?
ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ፣ ሌላዋ ነው
በር የምትሆነው።
የዛሬዋ በር እማዋይሽ ነበረች፣
ዐሥራ አራት ዓመቷ፤ ነጠላዋን ዘርግታ ቆመች፣
ፊቷ ወደ ሜዳው፣ የባዮሎጂ ደብተር በብብቷ።
ተራ አላቸው፤ የማክሰኞ በር፣ የረቡዕ በር በየፈረቃቸው።
ገጽ ሰባት ላይ «ቋሚ ንብረት» ይላል፤
እዚያ ልመዝግባቸው?

ተራ ቁጥር አምስት፦ «የሥነ ልቦና ጉዳት ካለ።»
አለ።
ከዚያ ተኩስ ወዲህ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ እንየው የሚባል አለ።
በር በነፋስ ሲዘጋ ዴስክ ሥር ነው የምናገኘው።
መጀመሪያ ቀን ክፍሉ ሳቀ። በሁለተኛው ዝም አለ።
በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆች አጠገቡ ገብተው
ተቀመጡ።
ድምፁን ከሰማን ስምንት ወር። አማካሪ የለንም፤
እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የሦስት ቀን ሥልጠና አለኝ፣
ከቦርሳው ጋር።

«ውጤቱ የሚለካ ይሁን፣ በቁጥርም የሚታይ።»
እናቱ እኮ «እንየው» አለችው። እስቲ ማን ነው የሚያይ?

ጋሽ ዋሴ ገቡ፣ ዘበኛችን፣ ባትሪያቸውን አብርተው፤
«ንባቢልኝ» አሉ፣ ሰማያዊው ወንበር ላይ አረፍ ብለው።
አነበብኩ።
«ዛሬን አልጻፍሽው።»
«ዛሬ ምን?»
«ያ ልጅ ከኔ ጋር ዋለ እንጂ! ደንገል ቆርጠን ተሸክመን፣
ቀዳዳውን ስናጥር ሳለ፣ ቋጠሮው ላላብኝ፤ ያን ጊዜ
‹አጥብቀው!› አለኝ።
‹ጠብቀው› ይሁን ‹አጥብቀው›፣ ጆሮዬን አላምነው፤
አንተ አለኝ ግን፣ ሽበቴን ረስቶ!
እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅ፣ ሰው አንተ ብሎኝ ተቆጥቶ።»

ጻፍኩት። ሁለት መቶ አንድ ሆነ። ሣጥኑ ቀይ መሰለ፤
አንድ ቃል ካልወጣ አይሄድም አለ።
ጉማሬውን ላውጣው? እማዋይሽን? በሩን?
ጣቴ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ መነሻው መስመር፤
እዚያ «በአክብሮት» የምትል ቃል ነበር።
እሷን አጠፋሁ።

ሄደ። «መልሱ በዘጠና ቀን ውስጥ ይደርሳችኋል።»
«ደንገሉስ» አልኳቸው፣ «ያ አጥር፣ ስንት ቀን ይቆማል?»
«እስኪዘንብ» አሉ።
ከዚያ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ ጋሽ ዋሴ፦
«ሰኔ… ሐምሌ… ነሐሴ…»
ባትሪውን አጠፉና፣ በጨለማው ዝም ብለው፣
ወደ ቀዳዳው ሄዱ፣ ቋጠሮውን ሊነኩት እንደገና።