ሁለት ዓይነት ዜሮ

ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ማራገቢያው ይዞራል፣
የብርድ መዝገብ ገጹ ከፊቴ ይበራል፤
በድንጋይ ጫንኩበት።
አምስት ደብተር ወርዷል ከአምስት ደጋ ቤት፤
የሚመልሱት ግን ያንዲት ጥያቄ ነው፦
«አንቺ አፈር፣ ከሥርሽ ብርድሽ ምን ያህል ነው?»

አንዱ ጥልቀቱን በሳንቲሜትር ጽፎታል፣
አንዱ «እስከ ጉልበቴ» ብሎ አልፎታል፣
የኩታበሩ ሰው በስንዝር ለክቶታል።
(እጁን አስዘርግቼ ማስመሪያ ጣልኩበት፤
ሃያ ሁለት ሳንቲም፣ ጥፍሩ ሳይጨመርበት።)
አንዱ «ሦስት ሰዓት» ይላል፣ በጧት፣
ሌላው «ዘጠኝ» ይላል ለዚያችው ሰዓት፤
ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል?
ሦስቱን ከጅብ ጋራ ሰደደው ለሌሊት።

ጳጉሜንማ ተዉት።
ቅጹ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አይቆጥርም፤
አምስቱ ቀን ደጅ ቆመው ያንኳኳሉ፣
የሚከፍት የለም።

«ውርጭ» ያለ አለ፣ «አመዳይ» ያለ አለ፣
«ሜዳው ነጠላውን ለበሰ» ያለም አለ፤
እሱን ወደድኩት፣
ግን ለቅኔ የሚሆን ዓምድ አጣሁለት።

አቶ ምሥጋናው ከደሴ ደወለ፦
«ባንድ አፍ ይናገሩ፤ ሠንጠረዡ ሩቅ ይሄዳል፣
መሬቱ ሺህ ዓመት ሳይቀልጥ ከኖረበት አገር።
እነሱም ይልካሉ። በረዷቸው ከሥር እየላላ
ቤቱ ይዘማል አሉ፣ መንገዱ ይሰምጣል አሉ።
የኛ የአንድ ሌሊት ውርጭ ከነሱ ዘመን ጎን ይሰለፋል፤
መስፈሪያው ካልገጠመ ማን ለማን ይተርፋል?»

እውነቱን ነው። ገጠምኩ፣ ለወጥኩ፣ አስተካከልኩ፣
እስከ ጉጉፍቱ ደብተር፤ እዚያ ላይ ቆምኩ።
ከኅዳር አሥራ ስምንት እስከ ሃያ ዘጠኝ
አሥራ ሁለት ዜሮ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

ዜሮ ሁለት ዓይነት ነው፤
አንዱ ውሃ የሚረጋበት፣
አንዱ ሰው ያልመጣበት።
የቱን ነበር የጻፍክ፣ ጋሽ ይማም?
ጋሽ ይማም ከለካው ጥልቀት በታች ወርዷል፤
አይመልስም።

ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎን ዞርን፣ ዞርን፣
ደሴ ላይ መኪና ቀየርኩ፣ ሹራብ ደረብኩ።
ልጁ ትርንጎ ከአውድማ መጣች፤
ደብተሩን አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች።

«የኔ ጽሑፍ ነው። አባዬ ሳንባውን ታሞ ተኝቶ፣
ʻሂጂ፣ ቀይዋ ክር የቆመችበትን ጻፊʼ አለኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየጧቱ ሄድኩ።
ክሯ ከዜሮዋ ወርዳ፣ ወርዳ ነበር፤
ከዜሮ በታች ቁጥር እንዳለ ማን ነግሮኝ?
ያለቀ መሰለኝ።
ገብሳችን ያን ዓመት ቆሞ ነው የተቃጠለው።»

ማታ ተመለስኩ። ማራገቢያው ይዞራል።
ለታየው መለያ አለ፣ ላልታየው አለ፣
ለተጠረጠረውም አለ፤
ሄዳ፣ አይታ፣ ቁጥር ላነሳት ልጅ የለም።
የማስታወሻው ሳጥን «ከሃምሳ ፊደል አይለፍ» ይላል።
መጀመሪያ የጻፍኩት ገጽ ሞልቶ ነበር፤
ሳንባውን አወጣሁ፣ ሳቋን አወጣሁ፣
ገብሱን
(ገብሱን ሁለት ጊዜ መልሼ)
አወጣሁ።

«ያነበበች ልጅ ናት። ከዜሮ በታች። ልኩ አልታወቀም።»

ነጥቡም ክፍተቱም ተቆጥሮ አሥራ ስምንት ተረፈ።
ቅጹ ስም አይጠይቅም።
ስሟን ጻፍኩበት።