ያጎረሰ እጅ

በየጥቅምቱ ነው፣ ማታ አንድ ሰዓት፣
ስልኬ የሚጮኸው ሳልጨርስ ራት፤
ባቄላው በሳህን፣ የበቆሎው ቂጣ
ቅቤ እንደ ተቀባ ከምድጃ ሲወጣ።

"ጤና ይስጥልኝ! አቶ ሆበርት ነዎት?
ዴሊያ እባላለሁ፤ ከሕግ ትምህርት ቤት፣
ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ" አለች፤
ከተሰጣት ጽሑፍ ቃል በቃል አነበበች።
ስሜን ታውቀዋለች፣ ከነመንደሩ፣
የዐምናውን ስጦታ ከነዝርዝሩ፤
ሃያ አምስት ዶላር። ካቻምናም ያው ነው።
ወረቀቱ ላይ የለም ከዚያ የቀደመው።

አንቺ ልጅ፣ ቆይ ስሚኝ፤ በሰዓት ከሆነ
የሚከፈልሽ፣ ወሬዬ አልባከነ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ሆድ ገብቶ፣
የዌስት ቨርጂኒያን ከሰል ፈልጦ፣ አቧራውን ጠጥቶ፣
አባቴ ኦርቪል ወጣ ትንፋሽ አጥቶ።
ከበረንዳው በታች አምስት ደረጃ አለ፤
ሁለቴ ያርፍበታል፣ እዚያው እያሳለ።
ሌሊት አይጋደም፤ ወንበር ላይ ሆኖ
ያነጋል፣ እስትንፋስ ከመስኮት ለምኖ።

ካሳ ጠየቀና ችሎት ፊት ቀረበ፤
ጠበቃ አልነበረው፣ ራሱ አነበበ
የሐኪሙን ቃል፣ መስመር እየሳተ።
ለኩባንያው ቆሞ ክራምፕተን ሞገተ፤
ግራጫ ሱፍ ልብስ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣
"ክቡር ዳኛ፣ በትንባሆ ነው ሳምባው የፈረሰ።"
አባቴ በዕድሜው ትንባሆ አልቀመሰ።
መዝገቡ ተዘጋ። በመጋቢት ማለቂያ
ደግሞ ጉድጓድ ገባ፣ ያለ መፈልፈያ።

ዓመታት አለፉ። ደብዳቤ መጣልኝ፤
የትምህርቱን ክፍያ ሙሉ የሚሸፍንልኝ፣
መጽሐፉን፣ ኪራዩን፤ ደግሞም ለብርዱ
ለካፖርት መግዣ ሦስት መቶ። ጉዱ
ከግርጌው ነበረ፣ የለጋሹ ስም፦
ሌላንድ ክራምፕተን። ዐይኔን አላመንኩም።

እናቴ አነበበች። አገላበጠችው።
ሽንኩርት የነካ እጇን በሽርጥ ጠረገችው።
"ልቅደደው?" ስላት ከእጄ ነጠቀችኝ፤
ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ እንዲህ ስትል መለሰችኝ፦
"ውሰደው። ውለታ አይደለም፣ የለብህም ዕዳ፤
ከአባትህ ሳምባ ነው ይህ ብር የተቀዳ።"

ወሰድኩት። ተማርኩኝ። ካፖርቱንም ለበስኩ።
ያጎረሰኝን እጅ አርባ ዓመት ነከስኩ፤
ያንኑ ኩባንያ እዚያው ችሎት ገትሬ፣
የሚያሳሉ ሽማግሌዎች ከጎኔ ደርድሬ።
አንዳንዴ ረታሁ።
ብዙ ጊዜ ተረታሁ።

ክራምፕተንን አንዴ አይቼዋለሁ በዓይኔ፤
ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በለጋሾች ምሳ፣ አስቀመጡት ከጎኔ።
አርጅቷል፤ ሾርባውን ያንጠባጥበዋል።
"የማን ልጅ ነህ?" አለኝ፤ ጆሮውም ደክሟል።
"የኦርቪል" አልኩት።
ማንኪያው ወረደ።
አንድ ቃል ሳይወጣው ሾርባው በረደ።
በቀጣዩ ዓመት ስጦታው እጥፍ ሆነ።
ከጸጸት ይሁን፣ ከግብር ለመቀነስ፣
አላውቅም፤ ሞተብኝ ከልቡ ሳልደርስ።
ደግ ነው አልልም፤ ክፉም አልለውም፤
ያ መዝገብ ክፍት ነው፤ እስካሁን አልዘጋሁም።
በየጥቅምቱ ሃያ አምስት ዶላር
እከፍልበታለሁ፣ እንዳይዘጋ።

ዴሊያ ዝም አለች። ከዚያ ወረቀቷን
ፈለገች መሰለኝ፣ የጠፋ መስመሯን፤
"ዘንድሮ... ወደ አምሳ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ?"
ሳቅሁ። ምን ታድርግ፣ ሁሉም እንዲህ ይላሉ።

"ካፖርት አለሽ?" አልኳት።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ወረቀቷ ላይ የለም።
ከጀርባዋ የሌሎች ልጆች ድምፅ፣ የወንበር ሲጢጥታ።
"እዚህ... ብዙም አይበርድም" አለች ቆይታ።
የእኔ ሬዲዮ በረዶ ያወራል፣ ለነገ ማታ።

"ሦስት መቶ ብለሽ ጻፊ።"
ስልኩን አስቀመጥኩ።
ባቄላው በርዷል። ሹካዬን አነሣሁ።