ሰማንያ

ሰማንያችንን ቀደን ዕቃ ስንካፈል፣
ናሁሰናይ ቀደመኝ፣ ቀላል ቀላሉን ሲነጥል፤
ሁለቱን ስፒከሮች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ
ደረጃውን ወረደ፣ እንደ መንታ አዝሎ።
ለእኔ የተረፉኝ ሁለቱ ሰብዉፈሮች፣
የማይነቃነቁ ጥቁር ጥቁር ሳጥኖች፣
"ይከብዳሉ" ብሎ የተዋቸው ናቸው፤
ለእኔ አዝኖ እንዳይመስል፣ ለወገቡ ሰግቶ ነው።

የላይፕዚግ ክረምት ረጅም ነው፤ ከነሱ ጋር ከረምኩ።
ሰብዉፈር ለብቻው ምን ያወራል? ሰማሁ፣ ታዘብኩ፦
ቃል የለው፣ ዜማ የለው፣ ጉርምርምታ ብቻ፣
ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ የሌላ ሰው ጋብቻ።
መሳቢያ ውስጥ ማንኪያዎቼን ያንቀጫቅጫል፣
ዜና አንባቢውን ከአንገት በላይ ቆርጦ ይጥላል።

እኔ ትራም ነጂ ነኝ፤ ወፍራም ድምፅ አያስደነግጠኝም፤
ሐዲዱ ሲያጉረመርም በጆሮዬ አይደለም፣
በወንበሬ ነው የምሰማው። ቢሆንም፣ ቢሆንም፣
ሰው በወንበሩ ብቻ ሰምቶ አይኖርም።

ቅዳሜ ቦዩ ዳር ካለው አሮጌ ሱቅ ገባሁ።
ሄር ኤክሃርት ሰባ ስድስት ዓመቱ። "ቀጭኑን ድምፅ አጣሁ፣
ወፎቹ ከነዛፋቸው ጸጥ አሉብኝ" አለ፣
"የላዩን አንቺ ስሚልኝ፣ ለታቹ መዳፌ አለ።
ምን ምን አለሽ?"
                "ሁለት ሰብዉፈር።"
                                "ሌላስ?"
                                        "ሌላ የለም።"
"ሰው ከጣራው ይጀምራል፤ አንቺ ከመሠረቱ። ግድ የለም።"

መጀመሪያ ያመጣው ቁመተ ሎጋ፣ የእንጨት ካባ የደረበ፣
ደረቱን ነፍቶ እስከ ትከሻዬ የቀረበ፤
ወፍራሙንም ቀጭኑንም ልናገር የሚል ነው፤
ሁለት አባወራ ላንድ ቤት? በቃኝ፤ አውቀዋለሁ፤ እለፈው።

ቀጥሎ ነጭ፣ ትንሽ፣ ኩታራ የምታህል፤
መቶ ሃምሳ ኸርዝ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፤
ከሷ እስከ ሰብዉፈሩ ወንዝ አለ፣ ድልድይ የለው፣
የወንድ ድምፅ ሲሻገር እዚያ ነው የሚሰምጠው።

ሦስተኛው ጥጉ የተላጠ፣ ከኋላው ቀዳዳ የሌለው፣
ጥርቅም ያለ ሳጥን፤ ምስጢር የሚይዝ ዓይነት ነው።
ወደ ታች ሲወርድ አይወድቅም፤ እንደ ሽማግሌ፣ ደረጃውን
እየዳበሰ ይወርዳል፣ እስኪያስረክብ ተራውን።
ሄር ኤክሃርት መዳፉን ጎኑ ላይ እንዳኖረ፣
"እዚህ ላይ ያስረክባል፣ ሰብዉፈርሽ ይረከባል" ብሎ ቆጠረ።
"በስንት?" አልኩት።
"በሰማንያ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ለጀርመን ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳ፣
በእኔ አፍ ሰማንያ ፊርማ ነው፣ ዋስ ነው፣ ጎጆ ነው፣ ዕዳ።
እሱ ግን ተጨንቆ፣ "ካልተስማማሽ በዘጠና ሞክሪው፣
በሰባም ይሆናል፤ ክፍልሽ ነው የሚዳኘው።"
"ዋስትናው አንድ ዓመት ነው" ሲል ደረሰኝ ጻፈልኝ።
የኛ ሦስት ዋስ ነበረው፤ አንዱም ስልክ አላነሳልኝ።

ቤቴ ወስጄ አጋባኋቸው፤ ቁልፉን ሰማንያ ላይ አቆምኩ።
ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ስፌቱን ፈለግሁ፣ ዳሰስኩ፤
ዜና አንባቢው አንገቱ ተመልሶ፣ ደረቱ ሞልቶ፣
ሙሉ ሰው ሆኖ ተናገረ፤ ማን የት እንዳቆመ ጠፍቶ።
የእኔና የናሁሰናይ ስፌት ከመንገድ ማዶ ይታይ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለ። ሲቸገር ነው የሚደውለው።
"ስፒከሮቹ ቀጠኑብኝ፤ ድምፃቸው የቆርቆሮ ነው።
ሰብዉፈሮቹን የማትፈልጊያቸው ከሆነ..."
"ዳርኳቸው" አልኩት።
"ምን?"
"ዳርኳቸው። በሰማንያ።"

ዝም አለ። ሒሳብ ሲሠራ ትንፋሹ ይሰማኛል።

"በሰማንያ ዩሮ ብቻ?" አለ።
"ምነው፣ ለእኔ ብትይ መቶ እሰጥሽ ነበር።"